ኢቨንት ከጀርባ አይሠራም

ሲ ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ2002 ከዶት ኔት ጋር ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ዴሊጌትና ኢቨንት አብረውት አሉ። ስለእነሱ ያሉት የተሳሳቱ ግምቶችም አብረው አርጅተዋል።

ተረት፦ ኢቨንት ሲነሳ ሃንድለሮቹ በራሳቸው ጊዜ፣ ከጀርባ ይሠራሉ።

እውነታ፦ ኢቨንት ማስነሳት ተራ የሜተድ ጥሪ ነው። ኢቨንቱን ያስነሳው ትሬድ ራሱ ሃንድለሮቹን በተመዘገቡበት ተራ አንድ በአንድ ይጠራል፤ ሁሉም ሳይመለሱለት ወደ ቀጣዩ መስመር አያልፍም። ቤት ለቤት እየዞረ እንደሚጠራ የእድር ለፋፊ ነው፤ አንዱ ደጅ ላይ ከዘገየ የቀሩት ሳይሰሙ ይቆያሉ። በተን ተነክቶ ሃንድለሩ ዳታቤዝ ሲጠብቅ መስኮቱ ደርቆ የሚቀረው ለዚህ ነው። የባሰም አለ፦ ሁለተኛው ሃንድለር ኤክሴፕሽን ወርውሮ እዚያው ካልተያዘ፣ ሦስተኛው ጭራሽ አይጠራም። ሁሉም የግድ መጠራት ካለባቸው ዝርዝሩን በጌትኢንቮኬሽንሊስት አውጥቶ እያንዳንዱን በየራሱ ትራይ ካች መጥራት ነው።

ተረት፦ ኢቨንትና ዴሊጌት አንድ ናቸው።

እውነታ፦ ዴሊጌት የትኛው ሜተድ በየትኛው ኦብጀክት ላይ እንደሚጠራ የያዘ ኦብጀክት ነው። ኢቨንት ደግሞ የእሱ አጥር፦ ከክላሱ ውጭ ያለ ኮድ በ+= ከመመዝገብና በ-= ከመውጣት ሌላ መብት የለውም። አጥሩ ባይኖር ማንም በአንድ = የሌሎችን ምዝገባ ሁሉ ያጠፋ ነበር።

ተረት፦ ጋርቤጅ ኮሌክተር እያለ -= ምን ያደርጋል?

እውነታ፦ ማን ማንን እንደሚይዝ ብዙ ሰው ገልብጦ ያስበዋል። ተመዝጋቢውን አንቆ የሚይዘው ኢቨንቱ ያለበት ኦብጀክት ነው። ስታቲክ ኢቨንት ላይ የተመዘገበ መስኮት ቢዘጋም ከሜሞሪ አይወጣም፤ ኢቨንቱ በተነሳ ቁጥርም ሃንድለሩ መሥራቱን ይቀጥላል። በላምዳ የተመዘገበውን ደግሞ ያንኑ ላምዳ እንደገና ጽፎ በ-= ማውጣት አይቻልም። ሲስተሙ ሌላ ዴሊጌት አድርጎ ያየዋል፤ ስህተት እንኳ ሳይነግራችሁ ዝም ብሎ ያልፋል። ላምዳውን መጀመሪያ በቫሪያብል መያዝ ይሻላል።

በሌላ በኩል ሁሉም ቦታ -= መደርደርም ከንቱ ድካም ነው። መስኮቱ የራሱ በተን ላይ ከተመዘገበ ሁለቱ አብረው ይጠረጋሉ። ኮድ ስትገመግሙ ዕድሜን ተመልከቱ፦ ረጅም ዕድሜ ያለው ኦብጀክት ላይ += ካያችሁ ጥንዱን -= ፈልጉ፤ ካጣችሁት ኮዱን አታሳልፉት።