የአጥንት ስብራት፦ አጥንት እንዴት ይድናል? ማሰሪያ አደገኛ የሚሆነውስ መቼ ነው?

ልጅዎ ወድቆ ክንዱ ቢሰበር መጀመሪያ የሚያስጨንቅዎ «ማን ይጠግንልኝ?» የሚለው ነው። አጥንትን ግን ሐኪምም ሆነ ወጌሻ አይጠግነውም፤ የሚጠግነው ራሱ አጥንቱ ነው። ከውጭ የሚደረገው እርዳታ የተሰበረውን ወደ ቦታው መመለስ፣ እንዳይንቀሳቀስ መያዝና ወደ እጅ ወይም ወደ እግር የሚሄደው ደም እንዳይቋረጥ መጠበቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው፤ እጅና እግር የሚያሳጣውም እሱ ነው።

አጥንት እንዴት ያድጋል?

አጥንት ደረቅ ቢመስልም የደም ሥሮች ያሉት ሕያው አካል ነው። አሮጌው እየፈረሰ ዕድሜ ልክ በአዲስ ይተካል። በልጆች ረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ ደግሞ ከልም አጥንት የተሠራ የእድገት ክፍል አለ፤ ልጅ የሚረዝመው በእሱ ነው። ይህ ክፍል ከተጎዳ አጥንቱ ሊያጥር ወይም ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ የልጅ መገጣጠሚያ አጠገብ ያበጠ ጉዳት «ወለምታ ነው» ተብሎ ሳይመረመር መታለፍ የለበትም።

ሲሰበር ምን ይሆናል?

በስብራቱ ቦታ ደም ፈስሶ ይረጋል፤ ጥገናው የሚጀምረውም ከዚሁ ከረጋው ደም ነው። በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ የተሰበሩትን ጫፎች የሚያገናኝ ለስላሳ ድልድይ ይሠራል። ከዚያ ካልሲየም እየገባበት ይጠነክራል። የልጅ ክንድ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይበቃዋል፤ የአዋቂ ሰው ቅልጥም ግን 3 ወይም 4 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሕመሙ የሚጠፋው አጥንቱ ከመጠንከሩ በፊት ስለሆነ ጀሶውን ከቀጠሮ በፊት አይፍቱ። ስብራትን ማሸትም ያንን ለስላሳ ድልድይ መልሶ ያፈርሰዋል።

ማሰሪያ ሲጠብቅ

ከስብራት በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት እብጠቱ ይጨምራል። በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ የታሰረ ክንድ ግን ወደ ውጭ ማበጥ ስለማይችል ግፊቱ ወደ ውስጥ ይሆናል፤ ደም ጡንቻው ጋ መድረስ ያቅተዋል። ጡንቻ ደም ካጣ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ብዙዎች እንደሚያምኑት «ሲጠብቅ ቶሎ ይገጥማል» የሚባለው ስህተት ነው። በኢትዮጵያ ልጆች እጃቸው ወይም እግራቸው እንዲቆረጥ ከሚያደርጉ የታወቁ ምክንያቶች አንዱ ጠብቆ የታሰረ የወጌሻ ማሰሪያ ነው። የሆስፒታል ጀሶም ቢሆን ከጠበቀ ያው አደጋ አለው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ሌሊትም ጭምር፣ ጣቶቹን ይመልከቱ። ዋናው ምልክት ማስታገሻ ወስዶ እንኳ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ነው። ጣቶቹን ቀስ አድርገው ሲዘረጉለት ልጁ ከጮኸ፣ ከደነዘዙት፣ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ማንቀሳቀስ ካቃተው ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ጥፍሩን እስኪነጣ ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ በ2 ሰከንድ ያህል ካልተመለሰም እንዲሁ። ጥቁረት እስኪታይ አይጠብቁ፤ ያኔ መሽቷል።

የወጌሻ ማሰሪያ ከሆነ ቆዳው እስኪታይ ድረስ ሙሉ በሙሉ ይፍቱት፤ ማላላት ብቻ አይበቃም። ክንዱን ከልብ ከፍታ በላይ ሳያነሱ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ጀሶ ከሆነም ነገ ጠዋት ሳይሉ አሁኑኑ ይሂዱና ያስፈቱት። ወላጆች «ብፈታው ይበላሽበታል» ብለው ይፈራሉ። የተጣመመ አጥንት እንደገና ሊስተካከል ይችላል፤ የሞተ ጡንቻ ግን አይመለስም።

ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ክፍያውም ቀላል ነው፤ ቤተሰብ ለምን እንደሚመርጠው ግልጽ ነው። ወጌሻ ጋ ሄደው ከነበረ ለሐኪሙ ሳያፍሩ ይንገሩ፤ በተለይ ማሰሪያው የታሰረበትን ሰዓት። ቆዳው ተቀዶ ደም ወይም አጥንት የሚታይ ከሆነ ግን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት እንጂ ወጌሻ እንዲነካው አያድርጉ።

ምግብና እንቅስቃሴ

የቅልጥም መረቅ ቢጠጣ ክፋት የለውም፤ ብቻውን ግን አጥንት አያስገጥምም። እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመንና ጥራጥሬ ይጨምሩለት። ታማሚው አዋቂ ከሆነና የሚያጨስ ከሆነ ማጨሱን ያቁም፤ ሲጋራ የአጥንትን መዳን ያዘገያል። ጀሶ ውስጥ እያለም ጣቶቹን ቶሎ ቶሎ ያንቀሳቅስ። ጀሶው ሲወጣ ክንዱ ቀጥኖና ደርቆ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ በእንቅስቃሴ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።