ኔትወርኩ አለ፣ አይፒ ግን የለም፦ ያለ ማኅተም የሚመጣው ፓኬት ጉዳይ

የዛሬው ትንሽ ጠለቅ ይላል፣ ሻይ ያዙና ተቀመጡ።

ሰርቨር ላይ ቨርችዋል ማሽን የምታስነሱ ሰዎች ይቺን ሁኔታ ታውቋታላችሁ። ማሽኑ ይነሳል፣ የኔትወርክ ካርዱ ይታያል፣ ድራይቨሩ ተጭኗል። አይፒ አድራሻ ግን አይመጣም። ዲኤችሲፒው ይጠይቃል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይጠይቃል፣ በመጨረሻ «የመለሰልኝ የለም» ብሎ ይተወዋል። የሚያናድደው ትናንት በደንብ ሲሠራ የነበረ መሆኑ ነው። ቪኤሙን ማንም አልነካውም፤ አፕዴት የተደረገው ከስር ያለው ዋናው ማሽን፣ ማለትም ሆስቱ ብቻ ነው።

እንዲህ ሲሠራ የነበረ ነገር ከአፕዴት በኋላ ሲበላሽ ባለሙያዎቹ ሪግሬሽን ይሉታል። በፈረንጆቹ 2010 ኪውኢሙ በሚባለው ኢሙሌተር ተጠቃሚዎች ላይ የደረሰው ልክ ይሄ ነበር። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 5ን በቪኤም ውስጥ የሚያስኬዱ ሰዎች ሆስታቸውን ካሻሻሉ በኋላ ማሽኖቻቸው አይፒ ማግኘት አቃታቸው።

ምን ተቀየረ? ኪውኢሙ ለቪኤሙ የሚሰጠው ቨርቲዮ-ኔት የሚባል የኔትወርክ ካርድ አለ። በአካል የሌለ፣ በሶፍትዌር የተሠራ ካርድ ነው። ድሮ እያንዳንዱ ፓኬት በራሱ በኪውኢሙ ፕሮግራም ውስጥ አልፎ ነበር ወደ ቪኤሙ የሚገባው። ይሄ ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ በ2010 በወጣው ሊኑክስ 2.6.34 ላይ ቪሆስት-ኔት የሚባል አቋራጭ ተጨመረ፤ ፓኬቱ ኪውኢሙን ሳይረግጥ በቀጥታ ከሆስቱ ከርነል ወደ ቪኤሙ ይሄዳል። ፍጥነቱ ጨመረ፣ ሁሉም ደስ አለው። አይፒ ያጡት ሲቀሩ።

እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን ድራይቨር ማራገፍና መጫን እንጀምራለን። ጊዜ ማቃጠል ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ፓኬቱ የጠፋው የት ላይ ነው የሚለው ነው። ቲሲፒደምፕን ሆስቱ ላይ ስትከፍቱ ጥያቄው ከቪኤሙ ሲመጣ ይታያል፣ የዲኤችሲፒ ሰርቨሩ መልስም ሲወጣ ይታያል። ቪኤሙ ውስጥ ስትከፍቱት ደግሞ መልሱ ሲገባ ይታያል! ማለትም ኔትወርኩ ሥራውን ሠርቷል። መልሱ ደርሷል፤ ተቀባዩ ነው አልቀበልም ያለው።

ሌሎች ሁለት ፍንጮችም አሉ። አይፒውን በእጅ ሞልታችሁ ብትሰጡት ፒንጉም ዳውንሎዱም ሁሉም ነገር ይሠራል። ደግሞ የዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ሌላ ማሽን ላይ ሆኖ መልሱ በኬብል የሚመጣ ከሆነም ችግር የለም። የሚበላሸው ሰርቨሩም ቪኤሙም አንድ ሆስት ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው። እዚህ ጋር የቪኤሙን ሎግ ያየ ሰው መልሱን ያገኛል፤ ዲኤችክላየንት የተባለው አይፒ ጠያቂ ፕሮግራም የመጡትን ፓኬቶች ቆጥሮ «ሁሉም የተበላሸ ቼክሰም አላቸው» እያለ ይጽፋል።

ቼክሰም ማለት ፓኬቱ መንገድ ላይ እንዳልተበላሸ ማረጋገጫ የምትሆን 16 ቢት ቁጥር ናት። እንደ ደብዳቤ ማኅተም አስቧት። ይህን ቁጥር ማስላት ፕሮሰሰሩን ስለሚያደክም ዘመናዊ ሲስተሞች «ካርዱ ሲልከው ይሙላው» ብለው በከፊል ይተዉታል። አንድ ሆስት ውስጥ ግን ፓኬቱ ኬብል ላይ አይወጣም፤ ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ ነው የሚገለበጠው። ደብዳቤው እዚያው ግቢ ውስጥ ከቢሮ ወደ ቢሮ በእጅ ሲሄድ ማኅተም ማን ያደርግበታል? ስለዚህ «ቼክሰሙ አልተሞላም፣ እመኑት» የሚል ምልክት ብቻ ተለጥፎበት ይገባል። የቪኤሙ ከርነል ምልክቱን አይቶ ይቀበላል። መዝገብ ቤቱ የግቢውን ደንብ ያውቃል እንበል።

ዲኤችክላየንት ግን ገና አይፒ ስለሌለው በተለመደው መንገድ መቀበል አይችልም፤ ፓኬቱን መዝገብ ቤት ሳይደርስ በር ላይ ነው ጥሬውን የሚያነሳው። የቆየው እትም ምልክቱን ማንበብ አያውቅም። ማኅተሙን ያያል፣ ልክ አይደለም፣ ይጥለዋል።

ታዲያ ከቪሆስት በፊት እንዴት ይሠራ ነበር? የታሪኩ ጣፋጭ ክፍል ይሄ ነው። የኪውኢሙ ጸሐፊዎች ችግሩን ያውቁት ነበር። በኮዱ ውስጥ «የተሰበረውን ዲኤችክላየንት ማለፊያ» የሚል ዓይነት ስም የሰጧት ትንሽ ፈንክሽን አለች። ወደ ቪኤሙ የሚገባውን ፓኬት ታያለች፤ ዩዲፒ ከሆነ፣ ከፖርት 67 ማለትም ከዲኤችሲፒ ሰርቨር ከመጣና ቼክሰሙ ካልተሞላ እሷው ሞልታ ታሳልፈዋለች። ቪሆስት ሲመጣ ፓኬቱ በኪውኢሙ በኩል ማለፉን አቆመ፣ ፈንክሽኗም ሥራ ፈታች። አቋራጩ መንገድ ማኅተም የምታደርገዋን ልጅ ቢሮ አያልፍባትም።

በዚህ ምክንያት ነው ጊት ባይሴክትን በጥንቃቄ ማንበብ ያለብን። ባይሴክት ማለት ጥሩውን ቨርዥንና መጥፎውን ይዞ መሃሉን መሞከር፣ ከዚያ የቀረውን ግማሽ ደግሞ ለሁለት መክፈል ነው። 10,000 ለውጦች ቢኖሩ እንኳ 14 ሙከራ ገደማ ይበቃል። ድንቅ መሣሪያ ነው። እዚህ ጉዳይ ላይ ግን ጣቱን የሚቀስረው ቪሆስት ላይ ነው፤ ቪሆስት ደግሞ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ ዓመታት የቆየ የዲኤችክላየንት ድክመት ነው፣ ቪሆስት ሽፋኑን ብቻ ነው ያነሳው። ባይሴክት መቼ እንደተገለጠ ይነግራችኋል፤ የማን ጥፋት እንደሆነ ግን ራሳችሁ ማሰብ አለባችሁ።

መፍትሔው በዚያው ዓመት መጣ። ሊኑክስ 2.6.36 ላይ አይፒቴብልስ ቼክሰም የሚሞላ አዲስ ትእዛዝ ተጨመረለት፤ ወደ ፖርት 68 የሚሄድ የዩዲፒ ፓኬት ሲወጣ ሆስቱ ራሱ ሞልቶ ይልከዋል። ቪኤሞቹን የሚያስተዳድረው ሊብቨርትም ይህን ደንብ ራሱ ማስገባት ጀመረ። አዳዲስ ዲኤችክላየንቶችም ምልክቱን ማንበብ ተማሩ። አለቀ ተባለ።

አላለቀም። በ2024 ሊብቨርት ከአይፒቴብልስ ወደ ኤንኤፍቴብልስ ሲሸጋገር አዲሱ ፋየርዎል ያቺን ቼክሰም የምትሞላ ትእዛዝ አልነበረውም። ያው የድሮ ችግር ከ14 ዓመት በኋላ የቆዩ ሲስተሞች ላይ ብቅ አለ። ገንቢዎቹ ቲሲ የሚባለውን የትራፊክ መቆጣጠሪያ ተጠቅመው ቼክሰሙን እዚያ ላይ እንዲሞላ አደረጉት።

እናንተም የቆየ ሲስተም ቪኤም ውስጥ አስነስታችሁ አይፒ እምቢ ካላችሁ ቪሆስትን አጥፍታችሁ ሞክሩ፤ ከመጣ ገመዱን ይዛችሁታል። ከዚያ የሆስቱን ብሪጅ የቼክሰም ኦፍሎድ በኢዝቱል ዝጉት፣ ፍጥነት ትንሽ ብትቀንሱም ለጊዜው ያድናችኋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቲሲፒደምፕ ሆስቱ ላይ «ቼክሰሙ ስህተት ነው» ቢላችሁ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ኦፍሎድ ባለበት ማሽን ላይ ጤነኛ ፓኬትም ሲወጣ እንደዚያው ነው የሚታየው። ማየት ያለባችሁ የቪኤሙን ሎግ ነው።