አዲስ ዘዴ ወደ ሰፊው አርቢ የሚደርሰው በማን እጅ ነው?

የምርት ዕድገት በትእዛዝ አይወለድም። አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ ዝርያ ወይም አዲስ የአመጋገብ ዘዴ ከምርምር ጣቢያ ስለ ወጣ ብቻ የአርሶ አደሩ ሀብት ሆነ ማለት አይቻልም። በዘዴውና በሰፊው አምራች መካከል የኑሮ አቅም፣ የገበያ ሁኔታና የዘመናት ልምድ አሉ። እነዚህን ያልመረመረ የልማት ሥራ ዘሩን በጭንጫ ላይ በትኖ መከር የሚጠብቅ ገበሬን ይመስላል።

አንዳንድ ወገኖች አርሶ አደሩ አዲስ ነገር የማይቀበለው ኋላ ቀር በመሆኑ ነው ይላሉ። ይህ አመለካከት የዕቅዱን ጉድለት በአምራቹ ትከሻ ላይ የሚጭን ስለ ሆነ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። የሰሜን ሸዋ ተሞክሮ ስሕተቱን በግልጽ ያሳያል።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ደጋ፣ ውርጭ ገብሱን በመታ ዓመት የቤተሰብ መጠጊያ በግ ነው። በ1959 ዓ.ም. ገደማ በዚሁ አካባቢ የበግ ማራቢያ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ የውጭ ዝርያዎችን ከመንዝ በግ ጋር እያዳቀለ ለአርሶ አደሩ ማከፋፈል ጀመረ። ከውጭ ከመጡት አንዱ ኮሪዴል ይባላል። ድቃዩ ጸጉረ ብዙ ቢሆንም ጅራቱ ቀጭን ነበር። የመንዝ በግ ግን ባለ ላት ነው፤ በአገሬው ዓይን ላት የሌለው በግ ሙሉ በግ አይደለም። ስለዚህ አርሶ አደሩ ድቃዩን ብዙም አልፈለገውም። ይህ ግትርነት ነውን? ገዢው የማይወደውን በግ ማርባት ኪሳራ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ስሌት ነው። ኋላ ከእስራኤል የመጣው አዋሲ የተባለው ዝርያ ባለ ላት በመሆኑ የተሻለ ተቀባይነት አገኘ። ይሁን እንጂ የተከፋፈሉት አውራዎች ጥቂት ስለ ነበሩና ከተከፋፈሉም በኋላ ክትትሉ ስለ ላላ፣ ለውጡ ወደ ሰፊው አርቢ አልዘለቀም።

ሁለተኛው ትምህርት ከማረሻው ይገኛል። በ1970ዎቹ አጋማሽ የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል በደብረ ብርሃን ጣቢያው በአንድ በሬ የሚያሳርስ መሣሪያ አዘጋጅቶ ነበር። ጥንድ በሬ የሌለው አርሶ አደር ብዙ በመሆኑ ሐሳቡ ቅን ነበር። መሣሪያው ግን አልተስፋፋም። ባለ አንድ በሬው አርሶ አደር ቀድሞውኑ መቀናጆ የሚባል የራሱ መላ ነበረው፤ ሁለት ጎረቤታሞች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ። አዲሱ መሣሪያ በሚገባ የተቀለበ ብርቱ በሬ ሲጠይቅ፣ መቀናጆ ድካሙን ለሁለት ያካፍላል። የጋራ ሥራ በተግባር የመሠረተውን አደረጃጀት ያላጤነ ፈጠራ ተወዳዳሪውን ሳያውቅ ወደ ገበያ እንደ ወጣ ነጋዴ ነው።

ታዲያ የተሳካው የትኛው ነው? በ2001 ዓ.ም. ገደማ በመንዝ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ማሻሻያ ሥራ ነው። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ ሥራውን የጀመረው የውጭ አውራ በማምጣት ሳይሆን አርቢውን በመጠየቅ ነበር። ችግሩም ከኑሮው ውስጥ ተገኘ። ድኻው ቤተሰብ ገንዘብ ሲቸግረው ወደ ገበያ የሚነዳው ፈጥኖ ያደገውን ወጠጤ ነው፤ በመንጋው ቀርቶ ዘር የሚተካው ቀጫጫው ይሆናል። ችግር ራሱ ምርጡን እያስወጣ ዘሩን ያቀጭጫል ማለት ነው። ይህን አንድ ቤተሰብ ለብቻው ሊያስቆመው አይችልም። ስለሆነም የመንደሩ ሰዎች የግልገሎቹን ክብደት እያስመዘገቡ፣ ወጠጤዎቹን በአንድ ስፍራ ሰብስበው በመረጧቸው ሰዎች አማካይነት ይመርጣሉ። ቁመናው፣ ላቱ፣ ቀንዱና መልኩ ከሚዛኑ ጋር አብሮ ይታያል። የተመረጠው አውራ በመንደሩ መንጋ ውስጥ በጋራ ያገለግላል፤ ያልተመረጠው ተቀጥቅጦ ይሰባል፣ ይሸጣል። ዘዴው ከመንዝ አልፎ ወደ ሌሎች የአገራችን አካባቢዎች ተስፋፍቷል።

በወተት ላሞችም ረገድ ሕጉ ያው ነው። የተዳቀለች ላም ብዙ ትታለባለች፤ ብዙም ትበላለች። የገብስ ገለባ ብቻ የሚቀርብላት ከሆነ ደሟ አያወጣትም። ኮርማ የምትፈልግበት ሰዓት ከአንድ ቀን አያልፍም፤ አዳቃዩ ባለሙያ ካልደረሰላት ሌላ ሦስት ሳምንት ትጠብቃለች። በደብረ ብርሃን አውራ ጎዳና ዳር ያለ አርቢ ወተቱን ትኩሱን ይሸጣል። በአንኮበር ገደላማ ቀበሌዎች ከመንገድ ርቆ የሚኖረው ግን ንጦ ቅቤ ማድረግ አለበት። በጾም ወራት ሁለቱም ገዢ ይጎድልባቸዋል። እንግዲህ ላሚቱ አንድ ስትሆን ለአንዱ ጥሪት፣ ለሌላው ዕዳ ልትሆን ትችላለች።

ማኅበር መመሥረት ብቻውንም መድኃኒት አይሆንም። ከላይ በተደረገ ግፊት የተደራጁት የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ እንደ ታወጀ ወዲያው መፍረሳቸው ለዚህ በቂ ምስክር ነው። አባሉ ያልመከረበት አንድነት የሚያቆመው ምሰሶ የለውም።

ይህ ጉዳይ የገበሬው ብቻ አይደለም። በየቀበሌው በማኅበር የተሰባሰብን ነዋሪዎችና በየፋብሪካው የምንሠራ ሠራተኞች የዚያ ወተትና የዚያ በግ ገዢዎች ነን። የሸማቾች ማኅበሮቻችን ከአርቢዎቹ ማኅበራት ጋር በቀጥታ ቢዋዋሉ፣ በጾም ወራት ስለሚተርፈው ወተት አብረው ቢመክሩ፣ ከማናቸውም መመሪያ የበለጠ ለአዲስ ዘዴ መንገድ ይከፍታሉ። በየስብሰባችን አዲስ ዕቅድ በቀረበ ቁጥርም አስቀድመን የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ሊኖረን ይገባል፤ አውራውን የመረጠው ማን ነው?