ደሜን ማን ይመረምራል? ምስጢሬን ማን ይጠብቃል?

ያደግሁት ደጎሎ ነው። አገሩ ትንሽ፣ ሰዉ ሁሉ የሚተዋወቅ ስለሆነ ጤና ጣቢያ በር ላይ የታየ ሰው ወሬው ቀድሞት ቤት ይገባል። ስለዚህ ከተማሪዎች ጋር ስለ ኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ስንጫወት ከመርፌው ይልቅ ወሬው ሲያስፈራቸው አያለሁ። ሁሌም የሚነሡትም ሁለት ጥያቄዎች ናቸው።

«ሳልፈቅድ ሊመረምሩኝ ይችላሉ?»

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው ምርመራን ወይም ሕክምናን «አልፈልግም» ማለት እንደሚችል ደንግጓል። እንደ ክትባት ያሉ፣ ለሕዝብ ጤና ሲባል በሕግ የሚታዘዙ ነገሮች ግን ከዚህ ውጪ ናቸው።

«እኛ እኮ ገና 18 አልሞላንም!» ትሉ ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤች.አይ.ቪ. ምክርና ምርመራ መመሪያ ግን 15 ዓመት የሞላው ወጣት ራሱ ወስኖ መመርመር እንደሚችል አስቀመጠ። ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉትም ቢሆኑ ያገቡ፣ ያረገዙ ወይም ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ከሆኑ በራሳቸው ፈቃድ እንዲመረመሩ ፈቀደ።

«ውጤቴን ለአባቴ ቢነግሩብኝስ?»

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ ወይም የመድኃኒት ባለሙያ በሥራው ያወቀውን ምስጢር ቢያወጣ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ እንደሚቀጣ ይናገራል። ባለቤቱ ሲፈቅድ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ግን ምስጢሩ ሊገለጽ ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ክሱ የሚነሣው በተበዳዩ አቤቱታ ነው። ተበዳዩ ዝም ካለ ሕጉም ዝም ይላል። ምስጢር የወጣበት ሰው ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ማመልከት፣ ለፖሊስም አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ይህ አንቀጽ የሚይዘው ግን ባለሙያውን እንጂ ጓደኛችሁን አይደለም፤ ለማን እንደምትነግሩ አስቡበት።

ታዲያ ምርመራ ስትሄዱ ሳታፍሩ ጠይቁ፦ ደሜን የምትወስዱት ለምን ምርመራ ነው? ውጤቱን ማን ያያል? መዝገቡስ የት ይቀመጣል? ጥሩ ባለሙያ በጥያቄያችሁ አይቆጣም። ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ በጊዜ ያወቀ በጊዜ ይጀምራል። ወሬ ፈርቶ ሳይመረመር የቀረ ግን ቀኑ ያልፍበታል።