ከረዳትነት እስከ ሥራ ተቋራጭነት፦ በአዲስ አበባ የቧንቧ ሙያ አጀማመርና የእድገት መንገድ

መግቢያ

በአዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው ሠፈሮች ሮቶና የውኃ መሳቢያ ፓምፕ የተለመዱ የቤት ዕቃዎች ሆነዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታም በአንድ ሕንፃ ውስጥ በርካታ ኩሽናዎችና መታጠቢያ ቤቶች እንዲደራረቡ አድርጓል። በዚህ ምክንያት የቧንቧ ሠራተኛ ተፈላጊነት ከአዲስ ግንባታ አልፎ ወደ ዘወትር ጥገና ሰፍቷል። ይህ ጽሑፍ ወደ ሙያው የሚያስገቡትን መንገዶችና ከገቡ በኋላ ያለውን እድገት ይመረምራል። እድገትን የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ የክህሎት እጥረት ሳይሆን በሥራ ላይ የተገኘ ክህሎት በሰነድ አለመታወቁ መሆኑንም ያሳያል።

ሁለቱ መግቢያዎች

የመጀመሪያው መግቢያ ኮሌጅ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ሥልጠናው በውጤት ላይ እንዲመሠረት፣ ሠልጣኙም በሙያ ደረጃ እንዲመዘን ደንግጓል። የትብብር ሥልጠና በተባለው አሠራር ከሥልጠናው ጊዜ 70 በመቶ ያህሉ በሥራ ቦታ፣ ቀሪው በተቋም ውስጥ እንዲሆን ታስቧል። ይህ ድርሻ ፍሬ የሚያፈራው ግን አሠሪው ለሠልጣኙ እውነተኛ ሥራ ሲሰጠው ነው። ዕቃ በመሸከም ብቻ ያለፈ ወር በወረቀት ላይ ሥልጠና ይባላል እንጂ የእጅ ክህሎትን አያዳብርም።

ሁለተኛው መግቢያ ረዳትነት ነው። ወጣቱ በዘመድ ወይም በጎረቤት አገናኝነት ከአንድ ዋና ሠራተኛ ጋር ይውላል። በመጀመሪያ ግድግዳ ይቦረቡራል፣ ዕቃ ያቀብላል፣ ወደ ሱቅ ይላካል። መላላኩ እንደ ቀላል ነገር ቢታይም በራሱ ትምህርት ነው። የብረት ቧንቧ በኢንች፣ ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ደግሞ በውጭ ስፋቱ በሚሊሜትር ይጠራል፤ ባለ 20 ሚሊሜትሩ ፒፒአር ከግማሽ ኢንች ጋር፣ ባለ 25ቱ ከሦስት አራተኛ ኢንች ጋር እንደሚገናኝ ረዳቱ የሚያውቀው የተሳሳተ መገጣጠሚያ ገዝቶ ሲመለስ ነው።

በግድግዳ ውስጥ የሚደበቅ ሥራ

የሙያው ልዩ ባሕርይ ስሕተቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ፒፒአር በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቅ መሣሪያ ይበየዳል። ባለ 20 ሚሊሜትሩ ቧንቧ አምስት ሰከንድ ያህል መሞቅ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የቆየና ከልክ በላይ የተገፋ ፕላስቲክ ወደ ውስጥ አብጦ የውኃውን መንገድ ያጠብባል፤ በቂ ሙቀት ያላገኘው ደግሞ ቆይቶ ይከፈታል። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ ደህና ይመስላሉ። የፍሳሽ መስመርም ተገቢውን ዝቅታ ካላገኘ የሚታወቀው ነዋሪው ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ ባለሙያ ግድግዳው ከመለሰኑና ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት መስመሩን ውኃ ሞልቶ በግፊት ይፈትሻል። ረዳቱ ከዋናው የሚወርሰው ትልቁ ነገር ይህ ልማድ ነው።

ሥራው የተደበቀ በመሆኑ የቤት ባለቤት የሚተማመነው በሰው ምስክርነት ነው። አንድ ደንበኛ ለሌላው ስልክ ይሰጣል፤ የባለሙያው ስምም ከሠፈር ሠፈር ይሻገራል። ይህ አሠራር ለጥገና ሥራ ይበቃል። ሠራተኛውን በአካል ለማያውቅ ትልቅ ተቋራጭ ግን ሰነድ ያስፈልገዋል።

ክህሎትን ወደ ሰነድ መለወጥ

ስትራቴጂው ክህሎቱ የትም ይገኝ የት፣ የብቃት ምዘናን ያለፈ ሁሉ የምስክር ወረቀት እንዲያገኝ በር ከፍቷል። ምዘናው የንድፈ ሐሳብና የተግባር ክፍል አለው። በሥራ ላይ ያደገ ሠራተኛ የሚቸገረው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ነው። ቱቦ፣ ቡሎንና ካቻቪቴን የመሳሰሉ ከጣሊያንኛ በመጡ ስሞች የተማረውን በእንግሊዝኛ ቃላት ሲጠየቅ ዕውቀቱ ሳይጎድል መልሱ ሊጠፋው ይችላል። ለምዘና መዘጋጀት ማለት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሙያውን እንደገና መማር ሳይሆን የሚያውቀውን በሌላ ስም መጥራት ነው።

ሕጉም ብዙ ያልተሠራበት ድልድይ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሙያ ለመልመድ የሚደረግ ውል ዕድሜው ከ15 ዓመት ካላነሰ ሰው ጋር ሊደረግ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ውሉ ሲያበቃም አሠሪው የተለመደውን ሙያና የፈጀውን ጊዜ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያዛል። በሠፈር ደረጃ ያለው ረዳትነት ግን በአብዛኛው በቃል ስምምነት ይጀመራል፣ በቃልም ያበቃል። ዓመታት የሠራው ረዳት ከዋናው ሲለይ በእጁ የሚይዘው ማስረጃ የለም።

የእድገት ደረጃዎች

ረዳቱ ዋና ከሆነ በኋላ ሦስት አቅጣጫዎች ይጠብቁታል። አንደኛው በግንባታ ድርጅት ውስጥ ወደ ፎርማንነት ማደግ ነው፤ ይህ ንድፍ ማንበብን፣ የዕቃ ብዛት ማስላትንና ሰው መምራትን ይጠይቃል። ሁለተኛው ንግድ ፈቃድ አውጥቶ በግል ወይም በማኅበር ሥራ በኮንትራት መውሰድ ሲሆን፣ ዋጋን በትክክል መገመት የእጅ ጥበብን ያህል ወሳኝ ነው። ሦስተኛው ወደ ውጭ አገር መሄድ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛው ለሚሰማራበት ሙያ የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። በዚህ መንገድ ልምድ ብቻውን በር አይከፍትም።

ማጠቃለያ

ኮሌጅ የገባው ሰነድ ይዞ ልምድ ይፈልጋል፤ ከረዳትነት የመጣው ልምድ ይዞ ሰነድ ያጣል። ሁለቱን የሚያገናኘው መሣሪያ በሕግም በስትራቴጂም አለ። ጉድለቱ ያለው በአፈጻጸም ነው። ዋናዎች ለረዳቶቻቸው ሁለት ገጽ የጽሑፍ ውል ቢይዙላቸው፣ የምዘና ማዕከላትም ሥራ ላይ ያለው ሰው በሚያውቃቸው ቃላት ቢጠይቁ፣ ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ የሚቀረው የሠራተኛው ሥራ እንጂ ሠራተኛው ራሱ አይሆንም።