የድምፅ ማጉያ ካፓሲተርና የነጋዴው መታመን

በሰሜን ሸዋ በለሚ ከተማ ያለ ባለሱቅ ለሠርግና ለበዓል የሚያገለግል ድምፅ ማጉያ ሸጦ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገዢው ሳጥኑን መልሶ አምጥቶ «ድምፁ ታፈነብኝ» ቢለው ምን መልስ ሊሰጠው ይገባል? አዲስ ሳጥን እንዲገዛ ቢመክረው የአንድ ቀን ትርፍ ያገኛል። ነገር ግን ጉድለቱ ዋጋው አነስተኛ በሆነ አንድ ዕቃ ላይ ሊሆን ስለሚችል፤ ነገሩን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅመዋል።

በሳጥኑ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚያሰማ ትልቅ ስፒከርና ቀጭኑን የሚያሰማ ትዊተር ይገኛሉ። ድምፁን ለሁለቱ የሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር ይባላል፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተርም ወፍራሙን እየከለከለ ቀጭኑን ወደ ትዊተሩ ያሳልፋል። ለምሳሌ ባለ 8 ኦም ትዊተር በአንድ ካፓሲተር ብቻ ከ3000 ሄርትዝ ጀምሮ እንዲሠራ ሲፈለግ፤ 6.6 ማይክሮፋራድ ያህል ያስፈልገዋል። ይህ መጠን በእርጅና ወደ እኩሌታ ቢወርድ መነሻው ወደ 6000 ሄርትዝ ይሸሻል፤ በመካከል ያለው ድምፅም ይደክማል።

ርካሹ ካፓሲተር ኤሌክትሮላይቲክ የሚባለው ነው። በውስጡ ፈሳሽ ስላለበት በዕድሜና በሙቀት ይደርቃል፤ በተለመደው ግምት ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በእኩሌታ ያጥራል። ስለዚህ ከለሚ ደጋ ወደ ጀማ ቆላ የወረደ፤ ወይም ፀሐይ በሚመታው ቆርቆሮ ሥር የተከማቸ ዕቃ ቶሎ ያረጃል። ከፕላስቲክ ፊልም የተሠራው ካፓሲተር ግን የሚደርቅ ፈሳሽ የለውም። ይሁን እንጂ ዋጋው ከፍ ያለ፤ ቁመናውም የገዘፈ ስለ ሆነ ቦታውን አስቀድሞ መለካት ያሻል።

አስመጪው ዕቃውን ሲያዝ ማይክሮፋራዱ ከቀድሞው ጋር እኩል፤ ቮልቱም ከቀድሞው የማያንስ መሆኑን ይመልከት። ኤሌክትሮላይቲክ ከሆነ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የማይለይ፤ ይኸውም «ኤን ፒ» ወይም «ቢ ፒ» የሚል ምልክት ያለበት ይሁን። በሬዲዮ የኃይል ክፍል የሚገባው ባለ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ካፓሲተር እዚህ ቢተካ ይበላሻል። ሁለት ሳጥኖች አብረው የሚሠሩ ከሆነም የሁለቱ በአንድነት ይለወጥ። ፊልም በኤሌክትሮላይቲክ ፈንታ ገብቶ ቀጭኑ ድምፅ ከልክ በላይ ቢጎላ፤ ጠጋኙ አነስተኛ ሬዚስተር በመጨመር ያስተካክለዋል።

ዋጋው እጅግ የተወደደ ካፓሲተር ማስመጣት ግን አስፈላጊ አይደለም። የደረቀውን ከደኅናው ማንም ጆሮ ይለየዋል፤ መጠናቸው እኩል የሆነ ሁለት ደኅና ፊልሞችን ለይቶ መስማት ግን አስቸጋሪ ነው። ትዊተሩ ራሱ ተቃጥሎ እንደ ሆነም ካፓሲተር መለወጥ አያድነውም። ይህን ለደንበኛው በግልጽ የሚነግር ባለሱቅ ዛሬ ጥቂት ቢያተርፍም ነገ ደንበኛውን አያጣም፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና።