ጠርሙሱን ማን ይጠብቀው?

በሳንባ ምች የታመመ ሕፃን ትንፋሽ ሲያጥረው ቀድማ የምታውቀው እናቱ ናት። የአፍንጫው ቀዳዳ ይሰፋል፤ ከጎድኑ ሥር ያለው ሥጋ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ጡት ይይዝና ይተወዋል። ሆስፒታል ሲደርስ በቀጭን ቱቦ ኦክስጅን በአፍንጫው ይሰጠዋል። ይህ ብዙዎችን ያድናል፣ ለሁሉም ግን አይበቃም። ለቀሩት የሚሆነው የመተንፈሻ ማሽን ደግሞ በድሃ አገር ሆስፒታል ብርቅ ነው።

የባንግላዴሹ ሐኪም ሞሐመድ ጆባየር ቺሽቲ እ.ኤ.አ. በ1996 ገና ተለማማጅ ሳሉ በአንድ ምሽት ሦስት ሕፃናት በሳንባ ምች ሞቱባቸው። በኋላ ሜልበርን ሄደው ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ጨቅላዎች የሚውል አንድ መሣሪያ አዩ። ዳካ ሲመለሱ በባዶ የሻምፑ ጠርሙስ ሠሩት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኦክስጅን ወደ ልጁ አፍንጫ ይገባል፤ የሚወጣው አየር ጫፉ ውኃ ውስጥ በተነከረ ቱቦ አልፎ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ቱቦው በጠለቀ መጠን ግፊቱ ይጨምራል። ሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች እንዳይጨማደዱ የሚይዛቸው ያ ግፊት ነው።

ቺሽቲና ባልደረቦቻቸው 225 ሕፃናትን በዕጣ ለተለያዩ ሕክምናዎች መድበው አወዳደሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ከእነዚህ መካከል በተለመደው ኦክስጅን ከታከሙት 67 ልጆች 10 ሲሞቱ፣ በጠርሙሱ ከታከሙት 79 የሞቱት 3 ነበሩ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። በማላዊ ሳሊማ ሆስፒታል ግን ከ2015 እስከ 2018 በ644 ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት ተቃራኒውን አሳየ። በተለመደው ኦክስጅን ከመቶ 11፣ በግፊት ሕክምናው ከመቶ 17 ሞቱ። ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆመ። እርግጥ የማላዊዎቹ ልጆች ኤችአይቪ ያለባቸው ወይም የተጋለጡ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ወይም ኦክስጅናቸው ክፉኛ የወረደ ነበሩ። ሌላም ልዩነት አለ፦ ሐኪም በየቀኑ አይከታተላቸውም ነበር። ግፊቱ አየር ወደ ሆድ ሊያስገባ፣ ሆድ ሊነፋ፣ ልጁም አስመልሶት ትውከቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ይህን በሰዓቱ የሚያይ ዐይን ያስፈልጋል።

ጥያቄው ወደ አገራችን መጣ። በ12 ጠቅላላ ሆስፒታሎች 1,240 ሕፃናት የተሳተፉበት የኢትዮጵያ ጥናት በ2024 ታተመ። በጠርሙሱ ከታከሙት መካከል ሕክምናው ያልሠራላቸው ልጆች ቁጥር አነሰ። አጥኚዎቹ ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፦ አስፈላጊው የሕክምና ችሎታ ባለበት ሆስፒታል።

ጠርሙስና ቱቦ ርካሽ ነው፤ ለማከፋፈልም፣ ቆጥሮ ለሪፖርት ለማቅረብም ይመቻል። በሌሊት ፈረቃ ከአልጋ አልጋ እየዞረ የልጅ ሆድ የሚዳስስ፣ የውኃውን ልክ የሚያይ፣ የኦክስጅን መለኪያውን የሚያነብ ነርስ ግን በጨረታ አይገዛም። ስለዚህ የጤና ኃላፊዎቻችንን የምንጠይቀው "ስንት መሣሪያ ገባ?" ብለን ብቻ አይሁን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንት ሕፃን ለአንድ ነርስ እንደሚደርስም እንጠይቃቸው። የማላዊ ሕፃናት በሕይወታቸው ያስተማሩን ይህንን ነው፤ እንደገና በልጆቻችን ሕይወት ልንማረው አይገባም።